ስለ ከተማችን የነጻነት በዓል ርችት

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ አንድ ሰው ቢሆንም ያዘጋጀነው ሦስት ነን። ስለዚህ «እኛ» ስንል ሦስታችንን ማለታችን እንጂ ማኅበሩን በሙሉ ወክለን መናገራችን አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ለከተማው የበዓል ኮሚቴ እንድንረዳ ሦስታችንን መርጦ ልኮን ነበር። ሄድን፤ ሠራን፤ አንዳንዱን ነገር አሳካን፤ አንዱን ነገር ግን አበላሸን። ዘንድሮም ኮሚቴው ከእኛ ዘንድ ሰዎች እንዲላኩለት በደብዳቤ ጠይቋል። ከእናንተም መካከል «የሰው አገር በዓል ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉ፤ ሌሎችም ደግሞ «ርችት ጨርሶ መቅረት አለበት» የሚሉ መኖራቸውን ሰምተናል። ሁለቱም አሳብ መልስ የሚገባው ስለ ሆነ የሠራነውንና የተማርነውን ሳንሸፍን ልንነግራችሁ ተነሥተናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንደምታውቁት ከተማችን ከዋሽንግተን በስተሰሜን በሜሪላንድ በሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከቤቶቿ የሚበዙት አጥርና ሣር ያላቸው ናቸው፤ በአንድ ወገን ግን ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች አሉ። በእነዚያም ሕንፃዎች ከሚኖሩት ብዙዎቹ የእኛ አገር ሰዎች፤ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጡ ቤተ ሰቦች፤ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎችም ናቸው። ይህን መግለጻችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የሚመለሰው ወደ እነዚህ ሕንፃዎች ነው።

የጁላይ 4 በዓል አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ መውጣቷን በ1776 ያወጀችበት ቀን መታሰቢያ ነው። የሚገርመው፤ ከአዋጁ አባቶች አንዱ የሆነው ጆን አዳምስ ጁላይ 3 ቀን 1776 ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ወደ ፊት በየዓመቱ የሚከበረው ቀን ጁላይ 2 እንደሚሆን ገምቶ ነበር። በቀኑ ቢሳሳትም በአከባበሩ አልተሳሳተም፤ በሰልፍ፤ በጨዋታ፤ በደወል፤ በመድፍ፤ በደመራና በብርሃን እንደሚከበር ጽፎ ነበርና። በማግሥቱ ዓመት በ1777 በፊላደልፊያ ርችት ተተኮሰ። ከዚያ ወዲህ ትንሹም ትልቁም ከተማ የራሱን ያዘጋጃል። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ በዓሉን በሕዝብ ማክበር የጀመረችው በ1889 ነው።

«የሰው አገር በዓል» ለሚሉት ወንድሞቻችን አንድ ነገር እናስታውሳቸዋለን። በዚህችው በሜሪላንድ በባርነት የተወለደው፤ በ1838 አምልጦ ነጻ የወጣው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር ከተማ ስለዚህ በዓል ንግግር አድርጓል። በዚያም ንግግር ይህ ቀን ለባሪያው ምኑ እንደ ሆነ አድማጮቹን በግልጽ ጠየቃቸው። በዓሉ የእርሱ እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ይሁን እንጂ የነጻነት አዋጁን አልናቀም፤ በአዋጁ ቃል ፈረደባቸው እንጂ። እንግዲህ በዚህ አገር በዓሉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከእኛ በፊት የተጠየቀ ነው፤ የጠየቁትም ሰዎች በዚሁ መሬት የኖሩ ናቸው። እኛም ብንጠይቀው እንግዳ ነገር አላመጣንም። ነገር ግን ዳግላስ ጥያቄውን ያቀረበው በሰዎቹ ፊት፤ በስብሰባቸው መካከል ቆሞ ነው። ቤቱ ተቀምጦ አላጉረመረመም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ብዙዎቻችን ርችት የሚያስተኩሰው መንግሥት ይመስለን ነበር። በእኛ ከተማ እንዲህ አይደለም። የከተማው አስተዳደር ጥቂት ገንዘብና ፖሊስ ይሰጣል፤ የቀረውን የሚያዘጋጁት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ነዋሪዎች ናቸው። ኮሚቴው ከአገራችን እድር ጋር ይመሳሰላል ብንላችሁ አንቀልድም። ሰብሳቢ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ፤ መዋጮ የሚለምን አለ፤ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣና በሁሉ ነገር የሚከራከር አንድ ሰውም አለ። የጎደለው መቀጫ ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው፤ የተበተነ ስብሰባ በእጃቸው ጭብጨባ ብቻ ጸጥ ሲያሰኙ አይተን ተደንቀናል።

ስብሰባው የሚጀመረው በክረምት፤ በረዶ ሳይቀልጥ ነው። ምክንያቱም በአገሩ ያለው ከተማ ሁሉ ርችት የሚፈልገው በአንድ ሌሊት ስለ ሆነ ፈቃድ ያላቸው ተኳሾች ቀድሞ ለተዋዋለ ይያዛሉ። ገንዘብ ያነሳቸው ከተሞች በጁላይ 3 ወይም በጁላይ 5 ይተኩሳሉ፤ ዋጋው ይቀንስላቸዋልና። የእኛ ኮሚቴ ይህን አሳብ በየዓመቱ ያነሣዋል፤ በየዓመቱም ይጥለዋል።

ሁለተኛው ሥራ ፈቃድ ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲ ማንም ሰው በቤቱ ርችት መተኮስ አይችልም፤ ሕፃናት በእጃቸው የሚይዙት ብልጭልጭ የሚለው ሽቦ እንኳ የተከለከለ ነው። የተፈቀደው በሕዝብ ፊት፤ በባለ ሞያ፤ ከሜሪላንድ የእሳት አደጋ ሹም መሥሪያ ቤት በተሰጠ ፈቃድ የሚተኮሰው ብቻ ነው። ለፈቃዱ የሜዳው ካርታ ይቀርባል፤ የኢንሹራንስ ወረቀት ይቀርባል፤ የተኳሹ ፈቃድ ይቀርባል። ከዚያም የሚመረምረው ሰው ራሱ ሜዳው ድረስ ይመጣል።

ሦስታችን በጣም የወደድነው ሥራ ይህ የካርታ ሥራ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። የርችቱ ጥይት እንደ ኳስ የተጠቀለለ ወረቀት ነው፤ በውስጡ ባሩድና «ኮከቦች» የሚባሉት የቀለም እንክብሎች አሉ፤ ከቆመ ቱቦ ውስጥ ይወነጨፋል። የጥይቱ ውፍረት በኢንች ተለክቶ ለእያንዳንዱ ኢንች ቢያንስ 70 ጫማ ባዶ ቦታ በዙሪያው መተው አለበት። ባለ 3 ኢንች ከሆነ 210 ጫማ፤ ባለ 4 ከሆነ 280፤ ባለ 6 ከሆነ 420 ጫማ ማለት ነው። የመጨረሻው ወደ 128 ሜትር ይሆናል። እኛም ገመድ ተሰጥቶን በትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ሜዳ መካከል እንጨት ተክለን ስንዞር ዋልን። ኮሚቴው ባለ 6 ኢንች ጥይት ፈልጎ ነበር፤ ክቡ ግን በአንድ ወገን ከኪራይ ሕንፃዎቹ የመኪና ማቆሚያ ላይ ወደቀ። ሰብሳቢዋ «እንግዲያው 4 ኢንች ነው» አሉና ነገሩ አለቀ። ገመድ የሚመራው ስብሰባ እንዴት ቶሎ እንደሚያልቅ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ ቀለሙ አንድ ቃል ብቻ እንበል፤ የኬሚስትሪ መምህራችን ከተሳሳትን ያርሙን። ባሩድ ያው የጥንቱ ነው፤ ከመቶው 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፤ 15 እጅ ከሰል፤ 10 እጅ ድኝ። ቀዩን የሚሰጠው ስትሮንቲየም፤ አረንጓዴውን ባሪየም፤ ቢጫውን ሶዲየም፤ ሰማያዊውን መዳብ ነው። ሰማያዊው አስቸጋሪ ነው፤ የመዳቡ ውሕድ እሳቱ በጣም ሲግል ስለሚፈርስ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰማያዊ ርችት ያየ ሰው የጥሩ ባለ ሞያ ሥራ አየ ማለት ነው። አንዳንዱ ጥይት እንደ አበባ ይከፈታል፤ አንዳንዱ እንደ አኻያ ዛፍ ቅርንጫፉን ወደ ታች ያወርዳል። አንድ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ቀለም የለውም፤ ብልጭ ብሎ ይጮኻል እንጂ። የዚህን ስም በኋላ እናነሣዋለን።

አደጋ የለም እንዳትሉን። በ2012 በሳን ዲየጎ ወደብ ለ18 ደቂቃ ያህል የተዘጋጀው ርችት በኮምፒዩተር ስሕተት በ15 ሴኮንድ ያህል ውስጥ ሁሉም በአንድነት ፈነዳ። በውሃ ላይ በጀልባ ስለ ነበረ የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ2013 ግን በካሊፎርንያ በሲሚ ቫሊ፤ እንደ እኛው ከተማ የትልቅ ከተማ ዳርቻ በሆነች ከተማ፤ ቱቦዎቹን የያዘው እንጨት ተሰብሮ ጥይቶቹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ይህን የምንነግራችሁ ልናስፈራራችሁ ሳይሆን 70 ጫማው ለምን እንደ ተደነገገ እንድታውቁት ነው።

ስለ መጸዳጃ፤ ስለ ቆሻሻ መጣያ፤ ስለ መንገድ መዝጋት ብንዘረዝር ትሰለቻላችሁ። አንዱን ግን ሳንነግራችሁ አናልፍም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነውና። የአማርኛውን ማስታወቂያ የጻፍነው እኛ ነን። ርችቱ የሚጀመረው ከጨለመ በኋላ ነው፤ በጁላይ ደግሞ ፀሐይ እዚህ የምትጠልቀው አርፍዳ ስለ ሆነ ሰዓቱ በአሜሪካኖች 9:30 ይሆናል። እኛም በአገራችን ልማድ «በ3 ሰዓት ተኩል» ብለን ጻፍን። አባቶችና እናቶች በትክክል ተረዱት። እዚህ ተወልደው አማርኛ ማንበብ የተማሩት ልጆች ግን ከቀትር በኋላ በ3:30 መጥተው፤ ምንጣፍ አንጥፈው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ጠበቁ። አንዲቱ ልጅ ወደ እኛ መጥታ «አማርኛችሁ ልክ አይደለም» አለችን። ምን እንመልስላት?

ይህ የሚያስቅ ስሕተት ነው። የሚቀጥለው አያስቅም።

ኮሚቴው በሜዳው ዙሪያ ላሉት ቤቶች ሁሉ የሚታደል ወረቀት አሳትሞ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፤ በስፓኒሽ፤ በአማርኛ። ርችቱ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ ይገልጻል። ለኪራይ ሕንፃዎቹ የተመደበው ጥቅል የተሰጠው ለእኛ ነበር። ፈተና ደረሰ፤ ሌላ ሥራ መጣ፤ አንዱ አድሎታል ብሎ ሌላው ተወው፤ ጥቅሉ እስከ በዓሉ ማግሥት ድረስ ከአንዳችን መኪና የኋላ ዕቃ ቤት አልወጣም። ሦስታችንም እኩል ጥፋተኞች ነን።

ከሕንፃዎቹ በአንዱ፤ በሦስተኛው ፎቅ፤ ከሜዳው ግማሽ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስማቸውንና የመጡበትን አንናገርም። በ2020 በአገራችን በተጀመረው ጦርነት የመድፍ ድምፅ የሰሙ ናቸው፤ ይህ ይበቃል። ልጃቸው የሌሊት ሥራ ሄዳ ነበር። እርሳቸው ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን አስተኝተው ተቀምጠው ሳለ ድምፁ ተጀመረ። ልጆቹን ከአልጋ አንሥተው ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰዱአቸው፤ በገንዳው ውስጥ አስተኝተው ጋቢ ደረቡባቸው፤ እርሳቸውም በላያቸው ጎንበስ አሉ። ርችቱ ካለቀ በኋላም አልወጡም፤ ማለቁን የነገራቸው የለም። ልጃቸው ንጋት ላይ ስትመለስ እዚያው አገኘቻቸው።

ይህን የሰማነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ልንጠይቃቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። ማፈራችንን አይተው ይመስለናል፤ በእኛ አልተቆጡም፤ በአሜሪካም አልተቆጡም። ያሉን ይህን ብቻ ነው፤ «መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብትነግሩኝ ምን ነበረበት፤ ልጆቼ?»

ከዚያ በኋላ በማኅበራችን ውስጥ የተነሣውን ክርክር ታውቁታላችሁ። «ርችቱ ይቅር» የሚለው አሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እኛም ለሁለት ወር ያህል በዚሁ አሳብ ጸንተን ነበር። ዛሬ ግን ተለይተናል፤ ምክንያታችንንም እነግራችኋለን።

መጀመሪያ፤ ርችት ይቅር ስንል የሚቀረው የቱ ነው? የአሜሪካ የሸማች ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን በየዓመቱ በርችት የሚጎዱትን ሰዎች ይገምታል። በ2019 ወደ 10,000 ሰዎች ቆስለው 12 ሞተው ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከተሞች በአደባባይ የሚያዘጋጁትን ርችት በብዛት ሰረዙ። በዚያ ዓመት የቆሰሉት ወደ 15,600 ከፍ አሉ፤ የሞቱትም 18 ሆኑ። የአደባባዩ ሲቀር ሰው ሁሉ በየጓሮው ተኮሰ። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ብለን አንምልም፤ ያ ዓመት በብዙ ነገር የተለየ ነበር። ነገር ግን የጓሮውን ርችት ማንም አያውጅም፤ ሰዓት የለውም፤ ጫማ አይለካም፤ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ እየቆየ ይጮኻል። እነዚያን እናት የሚጎዳቸው የትኛው ይመስላችኋል? በኮሚቴው ውስጥ በቬትናም የተዋጉ አንድ ሽማግሌ አሉ። በበዓሉ ምሽት ከከተማ ወጥተው ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራራ ይሄዳሉ። ሆኖም በየዓመቱ «ይተኮስ» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው «የማውቀውን ድምፅ እሸሸዋለሁ፤ የማላውቀውን የት እሸሸዋለሁ?» አሉን።

ሁለተኛ፤ በድሮን ይተካ የሚሉ አሉ። በ2023 ሶልት ሌክ ሲቲ በደረቁ ወራት የእሳትና የጭስ ስጋት ስላለባት የበዓሉን ርችት በሚበርሩ መብራቶች ተክታለች። ጭሱም የሚናቅ አይደለም፤ በ315 የመለኪያ ጣቢያዎች ላይ የተደረገና በ2015 የወጣ ጥናት በበዓሉ ምሽትና በማግሥቱ በአየር ውስጥ ያለው ረቂቅ ብናኝ በአማካይ በ42 ከመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እኛ ድሮኑን አንቃወምም። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ግን ዋጋውን ጠይቀው መጡ፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ምክንያት ለማስረዳት ይከብዳል። እኛ ራሳችን በዓልን በእሳትና በድምፅ የምናከብር ሕዝብ ነን። የመስቀል ደመራ ምንድን ነው? በቡሄ ዋዜማ ችቦ የሚለኮሰው፤ ቀኑ ሳይደርስ ጀምሮ ልጆች በየሰፈሩ ጅራፍ የሚያጮሁት ምንድን ነው? ጅራፉ ሲጮኽ ማንም እናት አትደነግጥም፤ የልጇ ጅራፍ መሆኑን ታውቃለችና፤ ገመዱን ሲገምደው አይታዋለች። ልዩነቱ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ርችቱ የእነዚያ እናት ጎረቤቶች ርችት ነበር፤ እኛም ከጎረቤቶቹ መካከል ነበርን፤ ነገር ግን ይህን ማንም አላስታወቃቸውም።

ስለዚህ ርችቱ ይቅር አላልንም። በመጋቢቱ ስብሰባ ለኮሚቴው ጥያቄዎች አቀረብን፤ ውጤቱም እነሆ።

ቀለም የሌለው፤ የሚጮኸው ጥይት ያልነው አለ። በሞያው ቋንቋ ስሙ «ሰላምታ» ነው፤ ከመድፍ ሰላምታ የተወሰደ ይመስለናል። ይህ ጨርሶ እንዲወጣ ጠየቅን። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንዳንዶቹ «ያለ ድምፅ ርችት ጨው የሌለው ወጥ ነው» በሚል ዓይነት ተከራከሩ። በመጨረሻም 6 ለ5 በሆነ ድምፅ ከመካከሉ እንዲወጣና በመዝጊያው ብቻ በቁጥር ተወስኖ እንዲቀር ተወሰነ። ሙሉ በሙሉ ያሸነፍን አይደለንም። መዝጊያው ላይ ድምፅ አለ፤ እርሱንም ለሰዎች አስቀድመን መንገር አለብን። ስድስተኛዋን ድምፅ የሰጡት ሰብሳቢዋ መሆናቸውን ስንነግራችሁ ደስ ይለናል።

ሰዓቱም ተቆርጧል። ርችቱ በተባለው ደቂቃ ይጀመራል፤ ለንግግርና ለምስጋና ተብሎ አይዘገይም። ንግግሩ ሁሉ ከርችቱ በፊት ያልቃል፤ ከንቲባውም ቢሆኑ። ሲያልቅ ደግሞ በሜዳው መብራት ይበራል፤ ደወል ይደወላል፤ ከሕንፃዎቹ መስኮት ያለ ሰው ማለቁን ያያል፤ ይሰማል።

ማኅበራችንን በሚመለከት ደግሞ ይህን ቃል ገብተናል፤ ሳንጠይቃችሁ መግባታችን ጥፋት ከሆነ ዛሬ ልትሽሩት ትችላላችሁ። ከከተማው በሌላው ጫፍ ያለው የስብሰባ አዳራሻችን በዚያ ምሽት ክፍት ይሆናል። ድምፁን መስማት የማይፈልግ ሁሉ፤ የእኛ አገር ሰው ይሁን የሌላ፤ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ቡና ይኖራል፤ ዳቦ ይኖራል፤ የሚያደርሱና የሚመልሱ መኪናዎች ይኖራሉ። ባለቤት የሚያመጣውን ውሻ በሚመለከት ገና አልተስማማንም፤ ውሾችም በዚያ ሌሊት እንደሚሰቃዩ እናውቃለን፤ አዳራሹ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ወደ እነዚያ እናት ዳግመኛ ሄደን ይህን ነገርናቸው። ወደ አዳራሹ ይመጡ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ወዲያው አልመለሱልንም። የትኛው ቀለም እንደሚበዛ ጠየቁን፤ አረንጓዴው እንደሚበዛ ነገርናቸው። ከዚያም የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት እንደሚፈልጉ፤ እርሳቸው ግን ገና እንዳልቆረጡ ነገሩን። ሁለት ቦታ ይዘንላቸዋል፤ አንዱን በመኪናው ውስጥ፤ አንዱን በሜዳው ዳር።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ሠላሳ ሰው ነው። አሥራ ሁለቱ ማስታወቂያ ያድላሉ። በር ላይ ጥሎ መሄድ አይፈቀድም፤ እንኳኩ፤ ሰላምታ ስጡ፤ ሰዓቱን በቃል ንገሩ፤ በቤቱ ያለ ሰው ማንበብ ይችል አይችል እንደ ሆነ በትሕትና ጠይቁ። ሽማግሌ ካገኛችሁ አትቸኩሉ፤ ቡና ከተባላችሁም ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ፎቅ የሚበቃ ጊዜ ተመድቧል። ስምንቱ በአዳራሹ ይሠራሉ። ስፓኒሽ የምትችሉ ካላችሁ ከሌሎች አስቀድመን እንፈልጋችኋለን።

የቀሩት አሥር ሰዎች በማግሥቱ ሜዳውን ያጸዳሉ። ተኳሾቹ ራሳቸው ርችቱ እንዳለቀና እንደ ገና ሲነጋ ሜዳውን እየዞሩ የከሸፈ ጥይት ይፈልጋሉ። እነርሱ ጨርሰው «ግቡ» ሳይሉ ማንም አይገባም። ወረቀትና ካርቶን ብቻ ትለቅማላችሁ። እንደ ኳስ የተጠቀለለና ያልተቀደደ ነገር ያየ ሰው አይንካው፤ በእግሩም አይግፋው፤ እዚያው ቆሞ እጁን ያንሣ።

የመመዝገቢያው ወረቀት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የአማርኛው ማስታወቂያ ረቂቅም ከጎኑ ተቀምጧል፤ ስሕተት የምታገኙ መምህራን በቀይ እንድታርሙልን እንለምናለን። ለጽዳቱ የሚመዘገቡ ጁላይ 5 ቀን ንጋት ላይ በ11 ሰዓት ተኩል፤ ማለትም በአሜሪካኖች አቆጣጠር በ5:30፤ በትምህርት ቤቱ በር ይገኙ። ዘንድሮ በወረቀቱ ሁሉ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጽፈነዋል።